ለሣር ውኃ የቀዳሁበት በጋ

ሰው ለሣር ውኃ የሚቀዳበት አገር አለ ቢሉኝ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ተረት መስሎኝ እስቅ ነበር። በኋላ ግን ራሴ ቀዳሁ። አንድ ሙሉ በጋ ከምንጩ እስከ ደጃችን ያለውን ዳገት እንስራ አዝዬ ወጣሁ። ዛሬ ወገቤን በታመምኩ ቁጥር ሐኪሙ ስለ ዕድሜ ያወራልኛል። እኔም ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። እውነቱን ብነግረው ወደ አእምሮ ሐኪም ነው የሚልከኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ። ሃያን ያለፍኩ ሴት ነበርኩ። በልጅነቴ ተድሬ፣ ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። ከዚያም ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ከእኔ በብዙ ከሚያንሱ ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተጋፍቼ፣ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ዘጠነኛን ለመማር ደብረ ታቦር መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። እናቴ ሞታለች፤ ወንድሞቼ ጎጆ ወጥተው በየፊናቸው ያርሳሉ፤ አባቴ ደግሞ በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ እየወረደባቸው ነበር። ቄሰ ገበዝ ናቸው፤ ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ መጋረጃው፣ በዓል ሲመጣ ለደብሩ የሚያስፈልገው ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው፣ ከቅዳሴ በኋላ የምመልሳቸው፣ ጥላና ሰው ሲምታታባቸው "ሰው ነው፣ ሰላም ይበሉት" የምላቸው እኔ ነበርኩ። "ዓይኔ አንቺ ነሽ" ይሉኛል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። እያደር ግን ቃሉ ከበደኝ፤ ዓይን ከሰውየው ተነጥሎ የትም አይሄድማ።

ስምንተኛ ክፍል ያስተማረችን መምህርት የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ለወላጆች በዓል የትምህርት ቤቱን ግቢ አሳምሪ ብላ አዝዛኝ፣ ድንጋዩን በመስመር ደርድሬ፣ ከየሰፈሩ ቤተሰብ እንሶስላና አሪቲ ለምኜ ተክዬ ነበር። ያንን አልረሳችም። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል የስንብት ስጦታ አደረገችልኝ፤ ከውጭ አገር በፖስታ ለሚሰጥ የአትክልት ቦታ ንድፍ ትምህርት አስመዘገበችኝ። "ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ትማሪያለሽ፤ ስትጨርሺ ሥራ ትይዢበታለሽ" አለችኝ። ቁጭ ብለሽ! አሁን ሳስበው ያስቀኛል። በዚያ ትምህርት ውስጥ ቁጭ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

አባቴ ነገሩ ጨርሶ አልገባቸውም። እሳቸው ትምህርት የሚያውቁት በእግር ነው። ጎረምሳ ሳሉ አኮፋዳ አንጠልጥለው እስከ ድጓው ደብር እስከ ቤተ ልሔም ወርደው፣ ውሻ እየነከሳቸው ቁራሽ እየለመኑ፣ ድጓ የተማሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ተማሪ ማለት ከእናቱ ቤት የወጣ ማለት ነው።

"ከቤት ሳይወጡ ምን ትምህርት አለ?" አሉኝ። "ሳይራቡስ እንዴት ይገባል?"

"በወረቀት ነው የሚመጣው፣ አባባ።"

"መምህሩስ የት ነው?"

"ባሕር ማዶ።"

"ስትሳሳቺ በምን ሊገርፍሽ ነው ታዲያ?"

እየቀለዱ አልነበረም። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ጥራዞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር። ከሰዓት በኋላ አባቴ ሸለብ ሲያደርጋቸው መዝገበ ቃላቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እለቅመዋለሁ። ግማሹን ቃል መዝገበ ቃላቱም አያውቀውም። የገባኝ ግን ገብቶኛል፦ የአትክልት ቦታ እንደ ቤት ነው፤ መግቢያ አለው፣ መሄጃ አለው፣ ዓይን የሚያርፍበት አለው፤ ዓይን የሚያርፍበትም ሣሩ ነው። ሣር ሲሉ ግን ከብት የሚግጠውን ማለታቸው አይደለም። አጭር፣ የተከረከመ፣ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ፣ መሐሉ ላይ ሌላ ነገር የማይበቅልበት ነው። ሥዕሎቹ ላይ ሰዎች ወንበር አውጥተው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሻይ ይጠጣሉ፤ ውሻቸው ተጋድሟል። እንጨት የተሸከመ፣ ውኃ ያዘለ፣ እህል የሚያበጥር አንድም ሰው የለም። እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ሥዕል ሳይ ያማረኝ ሣሩ አልነበረም። መቀመጡ ነበር ያማረኝ።

ከቤታችን ጎን አባቴ ጌሾና ጎመን የሚያስተክሉባት ጠባብ ቦታ ነበረች። ለመንኳቸው፤ ሰጡኝ። ገበያ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ሜትሩን በገመድ ላይ ቀዳሁ፤ እየቋጠርኩ ምልክት አደረግኩበት። በዚያ ገመድ ቦታዋን ለካሁ፣ በወረቀት ላይ ሣልኩ፣ ላክሁ። ሲመለስ በቀይ ቀለም ተሰርዞ መጣ። ደግሜ ላክሁ፤ ደግሞ ተሰረዘ። አባቴ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ። "እንዲህ ነዋ መምህር!" አሉ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ማክበር ጀመሩ።

የመጨረሻው ፈተና በወረቀት የሚሠራ አልነበረም። ተማሪው የነደፈውን ቦታ በእጁ ሠርቶ፣ ተክሉ ጸንቶ መቆየቱን በአቅራቢያው ያለ የእርሻ ባለሙያ በዓይኑ አይቶ መመስከር አለበት። መምህርቴ ከመሄዷ በፊት ደብረ ታቦር ያለ አንድ የእርሻ ሰው አነጋግራልኝ ነበር። ሰውየው በጥር መጣ። ገና ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ አቧራ ለብሶ ከላንድሮቨር ወረደ። ቦታዋን ዞሮ አየና ተገረመ።

"በክረምትማ ማንም ያበቅላል" አለኝ። "የንድፍሽ ፈተና በጋው ነው። ይህ ሣር በጋውን ካለፈ በፋሲካ ማክሰኞ መጥቼ እፈርምልሻለሁ። ባሕር ዳር አዲስ መናፈሻ እየተሠራ ነው፤ ከክረምቱ በፊት ሰው ይፈልጋሉ። ያንን ወረቀት ከያዝሽ እኔው ነኝ ይዤሽ የምሄደው።"

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ሰውየው ከሄደ በኋላ "ካለፍሽ አልከለክልሽም" አሉ። መስቀላቸውን ጨብጠው ነው ያሉት። ማን ይመራቸዋል፣ ማን ያበስልላቸዋል፣ አልተነጋገርንበትም። ሁለታችንም ፈርተን ይመስለኛል።

የተከልኩት ሣር ሰርዶ ነው። ሌላ ምን ነበረና! ጥራዙ የሚዘረዝረው የሣር ዘር ሁሉ የፈረንጅ ነው። እኔ ደግሞ ሥዕሉን አስተውዬ ሳየው፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ የሚሄደው ያ የእርሻ ጠላት መሆኑን አወቅኩት። ሰርዶ ገበሬ የሚረግመው አረም ነው፤ ማረሻ ሲቆራርጠው ቁራጩ ሁሉ ሥር ያወጣል። ሰውየው ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሐምሌ ወደየማሳው እየሄድኩ "የነቀላችሁትን ሰርዶ ስጡኝ" ስል ገበሬዎቹ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ።

"ለምንሽ ነው?"

"ልተክለው።"

አንዱ ሽማግሌ ሞፈራቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ። "አህያዋ 'እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል' ያለችው አንቺን ሳታይ ነው" አሉኝ። "ውሰጂ ልጄ፣ ሁሉንም ውሰጂ። ከቻልሽ ሥሩንም ጨምረሽ ከአገራችን አውጪልን።"

በነጠላዬ እየተሸከምኩ አመላለስኩት። በመስመር ተከልኩት፤ ክረምቱ ሲወጣ መስመሮቹ ተያያዙ። ዳር ዳሩን ጤና አዳምና አሪቲ አደረግኩ፤ በግራና በቀኝ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ያመጣኋትን ጽጌረዳ ተከልኩ። ዙሪያውን እሾህ አጠርኩ፤ አዝመራ ከተነሣ በኋላ በእኛ አገር አጥር የሚያከብር ከብት የለም። ከዚያም በማጭድ፣ ተንበርክኬ፣ ሣሩን እንደ ሰው ፀጉር ከረከምኩት። ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ ሴትዮ አጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያናገሩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ይኸ ነገር ይበላል?"

"አይበላም፣ እትዬ።"

"ለላሚቱ ነው?"

"አይደለም።"

"ለቤት ክዳን ነው እንዳልል አሳጠርሽው። ታዲያ ለምንድን ነው?"

"ለማየት ነው።"

ሰማዩን ቀና ብለው አዩ፤ እኔን አዩ። "ለማየትማ ሰማዩ አለልሽ" አሉና ወደ ጋናቸው ተመለሱ።

ሰውየው አይቶኝ ከሄደ በኋላ በጋው ከረረ። ያ ዓመት ደግሞ ክፉ ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ጭራሽ ቀረ። ምንጩ ሳሳ፤ ሴቱ ከንጋት ጀምሮ እንስራውን አሰልፎ ይቆማል። ሰርዶ ድርቅ ይችላል ይላሉ፤ ይችላል፣ ግን አመድ መስሎ ነው የሚችለው። የእኔ ሣር ደግሞ አረንጓዴ መሆን ነበረበት። የልብስ እጣቢውን፣ የእህል እጣቢውን፣ አባቴ ፊታቸውን የታጠቡበትን ሳይቀር አጠጣሁት፤ አልበቃውም። ምንጩ ዘንድ ተራ ስይዝ ያቺው ጎረቤቴ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ጮኹብኝ።

"እኛ ለጉሮሯችን ቆመን አንቺ ለሣርሽ! ከብቱ ምላሱን አውጥቶ እያየሽ! እግዜርን አትፈሪም?"

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ከጩኸቱ ይልቅ ያ አስተያየት ጎዳኝ። እውነታቸውን ነው። ሥራ ላገኝበት ነው፣ ከዚህ ልወጣበት ነው ብል፣ ከዚህ መውጣት ማለት እነሱን መጥላት ይመስላቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ቀድቶ ከሄደ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በጠራራው ወረድኩ። የተረፈውን ጭቃማ ውኃ በቅል እየጨለፍኩ እሞላለሁ። ዐቢይ ጾም ነው፤ ምግብ የምቀምሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ዳገቱ መሐል ላይ አንዲት ድንጋይ አለች፤ እንስራውን እሷ ላይ አስደግፌ አርፋለሁ። ሠፈሩ "ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ" ይል የለ? የእኔው በእውን ነበር፤ ዛሬ ያፈሰስኩትን መሬቱ ጠጥቶ ነገ እንደገና አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ደከመኝ። ሌላ ቃል የለውም፤ ደከመኝ። ተኝቼ በተነሣሁ ቁጥር ደክሞኝ እነሣ ነበር።

ግን ያዘ። ኮረብታው ሁሉ ገለባ በመሰለበት፣ የከብቱ አጥንት በቆዳው ላይ በተቆጠረበት በዚያ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ከቤታችን ጎን አንዲት አረንጓዴ ነገር ነበረች። አርብ ገበያ ደርሰው የሚመለሱ መንገደኞች ቆመው ያዩዋታል። አንድ ቀን አባቴ ጫማቸውን አውልቀው በእግራቸው ዳሰሷት። ወዲያና ወዲህ ተራመዱ። "ይህቺ ናት እንግዲህ የምትወስድሽ" አሉ። አነጋገራቸው ቅሬታ አልነበረበትም፤ ደስታም አልነበረበትም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ሣሩን ከመትከሌ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰሙነ ሕማማት መጣ። የዚያን ሳምንት ስግደት የሰገደ ያውቀዋል። ቀን ስግደት፣ ከስግደት መልስ ውኃ። ዓርብ ስቅለት ከጠዋት እስከ ማታ ሰግደን ስንወጣ እግሬ የእኔ አልነበረም። አክፍያለሁም፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመስኩም። ቤት እንደገባሁ መደቡ ላይ ወደቅኩ። ያን ቀን ሣሩን አላጠጣሁም፤ ቅዳሜ አጠጣዋለሁ ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀዳም ሥዑር፣ ካህናቱ ለሕዝቡ ለምለም ቄጠማ የሚያድሉበት ቀን ነው። የጥፋት ውኃ መጉደሉን ርግቧ በለምለም ቅጠል እንዳበሰረች ሁሉ፣ ሰላም ሆነ ለማለት ሕዝበ ክርስቲያኑ ቄጠማውን በራሱ ያስራል። ቄጠማው የሚታጨደው ከወንዝ ዳር ነው፤ ማስታጨዱም የቄሰ ገበዙ ኃላፊነት ነው። በዚያ ዓመት ወንዝ ዳር የሚባል ነገር አልቀረም ነበር። ከብቱ ሥሩ ድረስ ግጦት፣ የቀረው ደርቆ፣ የተላኩት ዲያቆናት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ ተኝቼ ነበር።

የቀሰቀሰኝ የሰው ድምፅ ነው፤ ከቤቱ ጎን፣ ብዙ ሰው። ወጣሁ። የእሾህ አጥሬ ወደ ጎን ተገፍቷል። ዲያቆናቱ ጎንበስ ብለው ይነቅላሉ። ያጭዱ እንዳይባል ሣሩ አጭር ነው፤ በራስ አይታሰርም። የሰርዶው ሐረግ ግን ረጅም ነው፤ መሬት ለመሬት የተሳበውን ጫፉን ይዞ ሲጎትቱት ከነሥሩ እንደ ገመድ ተተርትሮ ይወጣል። ለራስ ማሰሪያ እንደዚያ የሚመች ነገር የለም። አባቴ መሐላቸው ተንበርክከዋል። ስለማያዩ በእጃቸው እየዳሰሱ ጫፉን ይፈልጉና ይጎትታሉ። የለመዱት ሥራ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ከማሳቸው ሰርዶ የነቀሉ ሰው ናቸው። በሁለት ነዶ ታስሯል። መሬቱ ተቆፍሮ የተተወ መስሏል፤ ጽጌረዳዋ ተረግጣለች።

"አባባ! ማክሰኞ እኮ ነው የሚመጣው!" ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ቀና አሉ። ድምፄ ወደመጣበት ዞረው ፈገግ አሉ። "አይዞሽ ልጄ፣ ሰርዶ እኮ ነው። ሰርዶ ነቅሎ የጨረሰ ገበሬ አላየሁም። ተመልሶ ይመጣል።"

"እስከ ማክሰኞ?"

የእጃቸውን አፈር አራግፈው ተነሡ። ዲያቆናቱ ነዶውን ትከሻቸው ላይ አደረጉት፤ አንዱ የአባቴን እጅ ያዘ። የሰላሙን ዜማ እያዜሙ ወደ ከተማው ወረዱ። ሴቱ እልል አለ። እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዳግም አልጮኽኩም፤ መጮኽም ጉልበት ይጠይቃል።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ሁሉ የእኔን ሣር በራሱ አስሮ ይሄድ ነበር። ባለሱቁ፣ ሽማግሌው፣ ጨቅላ ያዘሉ እናቶች፣ ዳኛው ሳይቀሩ። ጎረቤቴ ጠላ ሻጯም መጡ። ግንባራቸው ላይ ሰርዶው እንደ ዘውድ ተጠምጥሟል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በሁለት እጃቸው እጄን ያዙና ሳሙኝ።

"ይቅር በይኝ ልጄ" አሉ። "ለካ ለዚህ ኖሯል የለፋሽው! እኔ ደንቆሮዋ ምን አውቄ! አንቺ ባትኖሪ ዘንድሮ ፋሲካ በምን ይገባ ነበር?"

"እንኳን አብሮ አደረሰን" አልኳቸው። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አመስግኖኝ አያውቅም። ያ ምስጋና ግን ከምንጩ ስድብ የባሰ አቃጠለኝ።

የትንሣኤ ዕለት ዶሮ ሠርቼ አባቴን አበላሁ። ሰኞ ወድቆ የቀረውን ቁርጥራጭ ሐረግ ለቅሜ እንደገና ተከልኩ፤ ውኃ አመላለስኩ። ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሞተ ሰው አፍ ውስጥ ወተት እንደሚያንጠባጥብ ሰው ነበርኩ። እጄ ሥራ ካልያዘ ግን የሚሆነውን ስለማላውቅ ነው።

ማክሰኞ ላንድሮቨሩ መጣ። የእርሻው ሰው ወረደ፤ አጥሩ ዘንድ ቆመ። ቢጫ ክር የመሰለ ነገር የተበታተነበትን ጭቃ አየ።

"ሣሩስ?"

"ለቀዳም ሥዑር ታደለ" አልኩት። "ቄጠማ ጠፍቶ።"

ሳቅ አመለጠው፤ የዚህ አገር ሰው ነውና ገብቶታል። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው።

"እስከ ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴ ነበር" አልኩት። "ከተማውን በሙሉ ይጠይቁ፤ በራሱ ያላሰረው የለም።"

"አምንሻለሁ" አለኝ። ማመኑንም አየሁ። "ወረቀቱ ግን ሰምቻለሁ አይልም፤ በዓይኔ አይቻለሁ ነው የሚለው። ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም።" ባርኔጣውን ደፋ። "ከክረምት በኋላ እንደገና ጀምሪው። ባሕር ዳር ግን እስከዚያ አይጠብቅም፤ ሰው ይቀጥራሉ።"

አልተቀየምኩትም። ሐቀኛ ሰው ነበር። ለምሳ ጋበዝኩት፤ መንገድ አለብኝ ብሎ ሄደ።

አባቴ የተናገሩት አንዱም ሐሰት አልነበረም። ሐምሌ ላይ ሰርዶው ተመለሰ፤ ከበፊቱ በርትቶ፣ አጥሩንም አልፎ። በመስከረም እንደዚያ ያለ ሣር በጥራዙም ላይ አላየሁም። የሚመሰክርለት ግን አልነበረም፤ በጎች ጋጡት። በዓመቱ አባቴ ጨርሰው ታወሩ፤ እንደገና ስለመጀመር ማንም አላነሣም። እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ መራኋቸው። ከዚያ ጊዜው ተገለባበጠ፤ እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ጡረታ ወጣሁ። ባሕር ዳር አንድ ጊዜ ለሕክምና ሄጄ መናፈሻውን በአውቶቡስ መስኮት አየሁት። ጥላው ሥር ሰዎች ተቀምጠው ነበር።

ይህ ሁሉ የኋላ ነው። በዚያ ማክሰኞ ግን ሰውየው ከሄደ ብዙም ሳይቆይ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። የመኪናውን ድምፅ መንገድ ላይ ሰምተውታል።

"ሰውየው መጣ?"

"መጥቶ ሄደ።"

"ምን አለ?"

"ባዶ መሬት አይቼ አልፈርምም አለ።"

መስቀላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሡ።

"አትሄጂማ ታዲያ?" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ።

"አልሄድም።"

"ተመስገን!" አሉ።

ያለ ሐሳብ፣ እንደ ትንፋሽ ነው ያመለጣቸው። ፊታቸው ሙሉ በሙሉ በራ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ሲበራ አላየሁትም። ወዲያው ደነገጡ። እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ። "ማለቴ… እሱ ያውቃል ለማለት ነው ልጄ፤ እሱ የተሻለ ያውቃል" አሉ። የማላይ መስሏቸው ነው መሰለኝ ዞር ብለው ፊታቸውን ከእኔ ለመደበቅ ሞከሩ። አቅጣጫው ተሳስቷቸው ይበልጥ ወደ እኔ ዞሩ።

ሰርዶው ለቤተ ክርስቲያን አስፈልጎ ነው የነቀሉት። ያ እውነት ነው። ከሐምሌ በፊት እንደማይመለስም ከማንም ገበሬ በላይ ያውቁ ነበር። ያም እውነት ነው። ጎንበስ ብለው ሐረጉን ሲጎትቱ የትኛው በልባቸው እንደነበረ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም አልነገሩኝ። ፈርተው ነበር፤ ሽማግሌ ነበሩ፤ እየጨለመባቸው ነበር። ዛሬ እሳቸው በነበሩበት ዕድሜ ላይ ሆኜ ፍርሃቱ ይገባኛል። ሣሩን መንቀላቸውን ይቅር ካልኳቸው ቆየሁ። ያቺን "ተመስገን" ግን ስንት ፋሲካ ልተዋት ብዬ ሞከርኩ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ አልቻልኩም።